«ሆዳችን ለምዶታል» ለሚሉን

አማርኛችን አንጀትን የርኅራኄ ማደሪያ አድርጎታል። ያዘነ ሰው «አንጀቴን በላው» ይላል፤ የረካም «አንጀቴ ራሰ» ይላል። ስለ ሥጋው አንጀት መናገር ግን የሕክምና ፋኩልቲ ባልንጀሮቻችን ድርሻ ነው ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም በየሻይ ቤቱ «የሐበሻ ሆድ ቆሻሻውን ለምዶታል፣ ምንም አይሆንም» ሲባል የምንሰማው ሁላችንም ነን።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ ምንጣፍ ፀጉር በቆሙ፣ እጅግ ባጠሩ ጣት መሳይ ነገሮች የተሸፈነ ነው። ምግቡን ወደ ደም የሚያሳልፉት እነዚህ ናቸው። በጣቶቹ ሥር ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፤ በጉድጓዶቹም ወለል ላይ ግንደ ሕዋሳት ይኖራሉ። እነርሱ ሳያቋርጡ ይከፈላሉ፤ ልጆቻቸውም እየጎለመሱ ወደ ላይ ወጥተው ከጫፍ ሲደርሱ ይረግፋሉ። በዚህ ዓይነት ሽፋኑ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታደሳል። የሆላንዱ ሃንስ ክሌቨርስና ባልደረቦቹ እነዚህን ግንደ ሕዋሳት ለይተው ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ በ2009 ደግሞ ከአንዲት ሕዋስ ብቻ ተነሥተው በላቦራቶሪ ትንሽ አንጀት መሳይ ነገር አበቀሉ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ግንደ ሕዋሳቱ ቢሞቱ እንኳ ወደ ላይ ጉዞ የጀመሩት ልጆች ተመልሰው የወላጆቻቸውን ሥራ መያዛቸው ነው። (በየመሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለ ተተኪ ቢገኝ ምንኛ መልካም ነበር!)

በተቅማጥ የተጎዳ ሕፃን አንጀትም የሚጠገነው በዚሁ ነው። እናቶች «ለምለም» የሚሉት የጨውና የስኳር ውሃ የልጁን ሕይወት ያቆያል፤ ጥገናውን የሚሠሩት ግንደ ሕዋሳቱ ናቸው።

ታዲያ ለምዶታል ማለት ምንድን ነው? ልጁ አልሞተም ማለት ብቻ ነው። በየቀኑ በተበከለ ውሃና አፈር የሚጠቃ አንጀት ጥገናው ጉዳቱን መቅደም ያቅተዋል። ጣቶቹ ያጥራሉ፣ ግድግዳው ያፈሳል፤ ተቅማጥ ባይታይበትም ልጁ የበላው በወጉ አይጠቅመውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ልጆች 37 ከመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ሁሉ በአንጀት መታመም ብቻ የመጣ ነው አልልም፤ የምግብ እጦቱም አለ።

ክረምት በመጣ ቁጥር ሳሙና ይዘን ለዘመቻ የምንወጣ ሁሉ አንድ ነገር ማወቅ ይገባናል። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ በተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች ለየቤተሰቡ መጸዳጃ ቤት፣ ክሎሪንና የእጅ መታጠቢያ ቢሰጥም የልጆቹ ቁመት አልጨመረም። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው ንጽሕና አይረባም» ይላሉ። እኔ የምረዳው ሌላ ነው፤ በግማሽ የቀነሰ ቆሻሻ አንጀትን ለመጉዳት የሚበቃ ቆሻሻ ነው። የሚያስፈልገው የማይቋረጥ ውሃና የፍሳሽ መስመር ነው እንጂ ምክር አይደለም።

ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ከአያት የሚነሣው የከተማ ባቡር መስመር ከሚያበቃበት ከጦር ኃይሎች ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የጀሪካኑን ሰልፍ ማየት ይበቃል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በመካከሉ ቧንቧው ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ቧንቧም በስንጥቁ በኩል የውጭውን ፍሳሽ ሊስብ ይችላል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ያለውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል፤ የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

ስለዚህ ኅብረታችን የመጪውን ክረምት ዘመቻ ሲያቅድ የምጠይቀው ይህን ነው። የምህንድስና ተማሪዎች በሰፈሩ እየዞሩ የሚያፈሰውን ቧንቧ ይመዝግቡ፤ የሕክምናዎቹ የሕፃናቱን ቁመት ይለኩ፤ እኛ የአርት ልጆች ደግሞ ሁለቱን አገናኝተን አቤቱታውን እንጽፍና ለወረዳው እናቅርብ።