መገጣጠም ብቻውን የመሣሪያ ባለቤት አያደርግም

የሰው ልጅ ታሪክ በአንድ በኩል ሲታይ የሥራ መሣሪያዎቹ ታሪክ ነው። ከድንጋይ ስለት ተነሥቶ ዛሬ ካለበት ደረጃ የደረሰው መሣሪያ በእጁ ስለ ያዘ ብቻ ሳይሆን፣ የመሣሪያውን ውስጣዊ አሠራር እየመረመረ፣ እያረመና እያሻሻለ በመሄዱ ነው። ሞፈርና ቀንበሩን ራሱ ጠርቦ የሚያዘጋጅ ገበሬ ዕቃው ቢሰበር ሥራው ለጊዜው ይስተጓጎላል እንጂ አይቆምም። የዶርዜ ሸማኔም ድርና ማጉን የሚያዋሕድበትን ዕቃ መፍታትም መግጠምም ያውቅበታል። በአንጻሩ መሣሪያን ገዝቶ የሚጠቀም፣ ውስጡን ግን የማያውቅ ኅብረተሰብ ምንጊዜም በሻጩ መልካም ፈቃድ ሥር ይኖራል።

ይህ እውነት ለሞፈርና ለሸማ ዕቃ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ዛሬ በሠራተኛው ኪስ ባለው ስልክ፣ በፋብሪካው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ በፀሐይ ኃይል በሚሠራው የውኃ ፓምፕ ውስጥ የጥፍር ያህል ስፋት ያለው ቺፕ ተተክሏል። ቺፑ የሚሠራው በፕሮግራም እየታዘዘ ነው። ከእነዚህም ፕሮግራሞች መካከል ከሁሉ በታች የሚገኝ፣ ለዓይን የማይታይ፣ ነገር ግን ሌላው ሁሉ የተመሠረተበት አንድ አለ፤ እርሱም የቺፑን ሜሞሪ ለተጠቃሚዎቹ የሚያከፋፍለው ድራይቨር ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የጥቂት ባለሙያዎች የግል ጨዋታ እንጂ የቀበሌ ነዋሪውና የሠራተኛው ጉዳይ አይመስልም። ይህ አመለካከት ስሕተት መሆኑን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ነገሩን ከምናውቀው እንጀምር። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ሶዶ የሚጓዝ ሰው የምዕራብ ዓባያን ወረዳ ሲያቋርጥ የሙዝ ማሳዎችን በመንገዱ ያገኛል። ከጋሞ ደጋ ወደ ዓባያ ሐይቅ የሚወርደው ውኃ በቦይ እየተመራ ማሳ ያጠጣል። በመስኖ የሚያርስ ሁሉ ጠንቅቆ እንደሚያውቀው ውኃ መኖሩ ብቻውን ምርት አይሰጥም። የማን ማሳ መቼ ይጠጣ፣ በሩ መቼ ይከፈት፣ መቼ ይዘጋ የሚለው ሥርዓት ያስፈልጋል። አንዱ ያለ ተራው በር ከከፈተ የጎረቤቱ ማሳ ይደርቃል፤ ወይም በጎርፍ ይጠፋል። በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች ይህን ሥርዓት የሚያስከብረው ሰው «የውኃ አባት» ይባላል።

በቺፕ ውስጥ ሜሞሪ እንደዚያ ውኃ ነው። ዋናው አስሊ ክፍል ይፈልገዋል፤ ካሜራው፣ ስክሪኑ፣ የኔትወርኩ ክፍል፣ ሥዕል የሚያቀናብረው የግራፊክስ ክፍል ሁሉ ይፈልጉታል። እነዚህ ክፍሎች ዋናውን አስሊ ሳያስቸግሩ በቀጥታ ከሜሞሪ እንዲጽፉና እንዲያነቡ ተደርገው ይሠራሉ። ይህም ሥራን ያፋጥናል። ሆኖም ከመካከላቸው አንዱ ቢሳሳት፣ ወይም ተንኮለኛ ቢያዝዘው፣ የራሱ ባልሆነ ቦታ ላይ ሊጽፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት የቺፕ ሠሪዎች በየክፍሉና በሜሞሪው መካከል በር የሚጠብቅ መሣሪያ አኖሩ። ለዋናው አስሊ የተሠራው ኤም ኤም ዩ፣ ለሌሎቹ ክፍሎች የተሠራው አይ ኦ ኤም ኤም ዩ ይባላል። በሩ ግን ራሱ አያስብም። ለማን እንደሚከፈትና በማን ላይ እንደሚዘጋ የሚነግረው በሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ማለትም በከርነሉ ውስጥ ያለው ድራይቨር ነው። እንግዲህ የቺፑ የውኃ አባት እርሱ ነው ማለት ነው።

አሠራሩን የቀበሌ ማኅበር አባላት ከማንም በላይ ሊረዱት ይችላሉ። አንድን ቤት ለማግኘት በመጀመሪያ ክልሉ፣ ከዚያ ዞኑ፣ ከዚያ ወረዳው፣ ከዚያም ቀበሌው ይጠየቃል፤ በመጨረሻ የቤቱ ቁጥር ይገኛል። ዛሬ በብዛት በሚሠራባቸው ባለ 64 ቢት ቺፖች ውስጥ ያለው መዝገብም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ በአራት እርከን የተደራጀ ነው። ሜሞሪው እያንዳንዳቸው ብዙውን ጊዜ 4,096 ባይት በሚይዙ ገጾች ይከፈላል። ፕሮግራሙ ወይም ካሜራው የሚያውቀው የቤት ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ቤቱ በእርግጥ የት እንደሚገኝ የሚያውቀው መዝገቡ ነው። ስለዚህም በተለያየ ሥፍራ የተበታተኑ ገጾች ተከታታይ ቁጥር ተሰጥቷቸው ለካሜራው እንደ አንድ ሰፊ ግቢ ሊታዩት ይችላሉ።

ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራቱን እርከን መመርመር ጊዜ ይፈጃል። ስለሆነም መሣሪያው በቅርቡ የተጠየቁትን አድራሻዎች በትንሽ ማስታወሻ ይይዛል። ጸሐፊ ዋናውን መዝገብ በየጊዜው ከመግለጥ ይልቅ በኪሱ ደብተር እንደሚጠቀም ዓይነት ነው። ችግሩ የሚመጣው ነዋሪው ቤቱን ሲለቅ ነው። ዋናው መዝገብ ታርሞ የኪስ ደብተሩ ሳይሰረዝ ከቀረ፣ የቀድሞው ነዋሪ ቁልፉን እንደያዘ በአዲሱ ነዋሪ ቤት ይገባል፤ ይወጣል። የድራይቨር ጸሐፊ ከሚሸከማቸው ከባድ ኃላፊነቶች አንዱ ይህን ስረዛ በትክክለኛው ጊዜና በትክክለኛው ቅደም ተከተል ማዘዝ ነው። ከዚህም ሌላ ቺፑ ኃይል ለመቆጠብ አንዱን ክፍል አጥፍቶ ሲያበራ የጠፋውን ትእዛዝ እንደገና መጻፍ፣ ያልተፈቀደ በር ሲንኳኳ ጥፋተኛውን ለይቶ ማስታወቅ የእርሱ ሥራ ነው።

ይህ ጸሐፊ በውጭ አገር ትምህርት ላይ ሳለ ኤሌክትሮኒክስ ከሚያጠና የአገሩ ልጅ ጋር አንድ ማደሪያ ይጋራ ነበር። ያ ተማሪ ከአንዲት አነስተኛ ሰሌዳ ጋር ሦስት ሌሊት ሲታገል ማየቱን አይረሳም። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ምስል እንደ ተበጣጠሰ ጥለት ይቆራረጥ ነበር። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት የአንድ መስመር ቦታ መዛነፍ ነበር፤ ስረዛው ከመዝገቡ እርማት በፊት ታዟል። «ሰሌዳው አልተበላሸም፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት» ብሎ መመሪያውን እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። የዚህ ሙያ ዲሲፕሊን በዚህ አባባል ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል።

ሜሞሪን በገጽ ከፍሎ የማስተዳደር ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው አትላስ የተባለው ኮምፒዩተር በዚሁ ዘዴ ተጠቅሟል። በዚያን ዘመን ሰፊ ክፍል ይሞላ የነበረው ዕውቀት ዛሬ በጥፍር ስፋት ቺፕ ውስጥ ገብቶ በገበያ ይሸጣል። ዕቃው በእጃችን ገብቷል፤ ዕውቀቱ ግን በአብዛኛው ገና አልገባም።

የዚህ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አንድ ተጨባጭ ማስረጃ እንጥቀስ። አርም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የነደፈውና ማሊ ተብሎ የሚጠራው የግራፊክስ ክፍል በዝቅተኛና በመካከለኛ ዋጋ በሚሸጡ ስልኮች ውስጥ በብዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 የጎግል የደኅንነት መርማሪዎች በዚህ ክፍል ድራይቨር ውስጥ አምስት ጉድለቶችን አገኙ። ከአምስቱ ሦስቱ ከላይ የገለጽነው ዓይነት ነበሩ፤ ፕሮግራሙ የመለሰውን የሜሞሪ ገጽ ከመለሰ በኋላም ማንበብና መጻፍ ይችል ነበር። አርም በሐምሌና በነሐሴ ወራት እርማቱን አወጣ። ይሁን እንጂ መርማሪዎቹ በኅዳር ወር እንዳስታወቁት የታወቁ ኩባንያዎች ስልኮች፣ የጎግል የራሱ ስልክ ሳይቀር፣ እርማቱን ገና አላገኙም ነበር። መድኃኒቱ ተቀምሟል፤ በሽተኛው ዘንድ ግን አልደረሰም።

እንግዲህ ልብ ይባል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሙዝ ነጋዴው ሒሳብ፣ የሠራተኛው ቁጠባ በስልክ ይንቀሳቀሳል። የገንዘብ ፕሮግራሙ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ከሥሩ ያለው የሜሞሪ በር ጠባቂ ከተኛ ቤቱ በአሸዋ ላይ እንደተሠራ ይቆጠራል። በዕድሜው የገፋ ርካሽ ስልክ የያዘው ሠራተኛ ደግሞ እርማቱ ከሁሉ በኋላ የሚደርሰው፣ ብዙ ጊዜም ጨርሶ የማይደርሰው ነው። የቺፕ ሜሞሪ ጉዳይ የባለሙያዎች ብቻ አይደለም ያልነው ስለዚህ ነው።

በአገራችን ስልክ መገጣጠም ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። መገጣጠም ለብዙ ወጣቶች ሥራ የፈጠረ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ሰሌዳውን በብሎን ማሰር አንድ ነገር ነው፤ ሰሌዳው ለምን እንደሚሠራ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ወጣቱን ከፕሮግራም መሠረታዊ ዕውቀት፣ ከአንድሮይድ ሥራ፣ ከዳታ ሳይንስና ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ያስተዋውቃል። ይህም መልካም ጅምር ነው። ሆኖም እነዚህ ሁሉ የሕንፃው የላይኛው ፎቅ ናቸው። መሠረቱን የሚያውቁ ጥቂቶች እንኳ ካልተዘጋጁ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ተከራይ ነው።

«ይህ የትልልቅ አገሮችና የሀብታም ኩባንያዎች ሥራ ነው፤ እኛ ገና የዳቦ ችግር አለብን» የሚሉ ወገኖች አይጠፉም። የዳቦው ችግር እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ትክክል አይደለም። በመጀመሪያ ነገር፣ አብዛኛው የዓለም ስልክ የሚሠራበት ሊኑክስ የተባለው ከርነል የተጀመረው በኩባንያ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ በተባለ የሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የማሊን አሠራር የሚገልጽ በቂ መመሪያ ለሕዝብ ባልወጣበት ጊዜ በጎ ፈቃደኞች መሣሪያውን እየመረመሩ ሊማና ፓንፍሮስት የተባሉ ድራይቨሮችን ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለቱም ወደ ሊኑክስ ገቡ። ፓንፍሮስትን ከጀመሩት አንዷ የሆነችው አሊሳ ሮዘንዝዋይግ ሥራውን ስትጀምር ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ አፕል ለራሱ ቺፖች የሠራው የሜሞሪ በር ጠባቂ ድራይቨር በበጎ ፈቃደኛ ተጽፎ ወደ ሊኑክስ ገብቷል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አነስተኛ ሰሌዳ፣ ኮምፒዩተር፣ ትዕግሥትና የንባብ ዲሲፕሊን እንጂ ግዙፍ ፋብሪካ አይደለም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ብዙዎች ያልተገነዘቡት መብት በእጃችን አለ። ሊኑክስ የሚሰራጭበት የፈቃድ ውል፣ ይኸውም ሁለተኛው የጂ ፒ ኤል ቅጽ፣ ይህን ከርነል በመሣሪያ ውስጥ አድርጎ የሚሸጥ ሁሉ የከርነሉን ምንጭ ጽሑፍ ለገዢው እንዲሰጥ፣ ወይም ሲጠየቅ ለመስጠት በጽሑፍ ቃል እንዲገባ ያስገድዳል። ውሉ በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ሁሉ አይሸፍንም፤ ከርነሉን ግን ይሸፍናል። ታዲያ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሲገዛ፣ ለመሥሪያ ቤት መሣሪያ ጨረታ ሲወጣ፣ ይህን መብት የሚጠይቅ ገዢ ስንት ነው? ያልተጠየቀ መብት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ እንደ ተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ አለ ይባላል፤ አይበላም።

ስለዚህ መወሰድ የሚገባቸው እርምጃዎች ግልጽ ናቸው። የመንግሥትና የማኅበራት ግዢዎች የምንጭ ጽሑፍን ርክክብና የእርማት አቅርቦትን ዘመን በውል ማስገባት አለባቸው። የኤሌክትሮኒክስና የኮምፒዩተር ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ አምፖል አብርቶ በመደርደሪያ የሚቀመጥ ሳይሆን፣ አንድን ቺፕ ከመመሪያው ተነሥቶ የሚያስተዳድርና ለዓለም አቀፉ የከርነል ሠራተኞች ምርመራ የሚቀርብ ይሁን። የጥገና ሠራተኞችም ከመፍቻና ከብየዳ መሣሪያ ጋር የምንጭ ጽሑፍ ማንበብን ይልመዱ።

በዚህ ረገድ የጋሞ ምድር ልዩ ምሳሌ አላት። በ1979 ዓ.ም በአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲከፈት ውኃን የመለካትና የማከፋፈል ዕውቀት በውኃው አጠገብ እንዲሰጥ ሆነ። ኢንስቲትዩቱ በ1996 ዓ.ም ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎ ዛሬ የኤሌክትሪክና የኮምፒዩተር ምሕንድስናንም ያስተምራል። ውኃን ለማሳ ማከፋፈልን ያስተማረ ተቋም ሜሞሪን ለመሣሪያ ማከፋፈልን ለማስተማር የቀረበ ነው። የምዕራብ ዓባያ ገበሬ ፓምፕ በተበላሸ ጊዜ ሰሌዳውን ወደ ባሕር ማዶ ከመላክ ይልቅ አርባ ምንጭ ድረስ ወስዶ የሚያስፈትሽበት ቀን ሩቅ መሆን የለበትም።

በሩን የሚጠብቀውን የማያውቅ፣ ግቢው የእኔ ነው ሊል አይችልም። የዕውቀቱ መዝገብ በአሁኑ ጊዜ ለሁሉም ክፍት ነው። የቀረው ገልጦ ማንበብ፣ አንብቦ መሥራት፣ ሠርቶም ለሌላው ማካፈል ነው። ይህም የሁላችን ግዴታ ነው።