አራት ጊዜ የተሸነፈው ስደተኛ



የአሜሪካ ፖለቲካ በየቡናው ላይ በተነሳ ቁጥር ከአፋችን የማይጠፋው ስም የኢልሃን ኦማር ነው። ገሚሱ ያወድሳታል፣ ገሚሱ ይረግማታል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ እሷ ለቃ በሄደችው ወንበር ላይ ስለተቀመጠው ሰው ነው። መሐሙድ ኑር ይባላል፤ የሚኒሶታ ግዛት ምክር ቤት አባል ነው። ብዙዎቻችን ሰምተነው አናውቅም። ለኛ የሚሆነው ትምህርት ግን ያለው እሱ ዘንድ ይመስለኛል።

ሰውዬው እንደኛው ነው። ከሶማሊያ ጦርነት ከቤተሰቡ ጋር ሸሽቶ ኬንያ ገባ። አሜሪካ የደረሰው በ1999 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኮምፒውተር ተማረ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ሠራ፣ በኋላም በሚኒያፖሊስ የሶማሊያውያንን ማኅበር መራ።

እስቲ የምርጫ ታሪኩን ተመልከቱ። በ2011 ለግዛቱ ሴኔት ተወዳድሮ ገና በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ወደቀ። በ2014 ከ1972 ምርጫ ጀምሮ ወንበሩን ያልለቀቀችውን ፊሊስ ካንን ገጠማት፤ ተሸነፈ። በ2016 እንደገና ሞከረ። ያኔ ኢልሃን ኦማርም ገብታ ስለነበር ሁለት ሶማሊያውያን ለአንድ ወንበር ተፎካከሩ። አሸናፊዋ እሷ ሆነች። በ2017 ደግሞ ለከተማው ምክር ቤት ቀረበ፤ በሌላ ሶማሊያዊ፣ በአብዲ ዋርሳሜ ተሸነፈ። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ሽንፈት መሆኑ ነው።

በመሀሉ ያገኘው የትምህርት ቦርድ ወንበር ነበር፤ እሱም በምርጫ ሳይሆን በሹመት፣ በሞት የተለየውን ሁሴን ሰማተርን ተክቶ ነው። በ2018 ኢልሃን ለኮንግረስ ስትወዳደር የግዛቱ ወንበር ክፍት ሆነ። ኑርም ለአምስተኛ ጊዜ ቀርቦ አሸነፈ። ከ2019 ጀምሮ እዚያው ነው፤ በ2023 እና 2024 የማኅበራዊ አገልግሎት በጀትን የሚያየውን ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መርቷል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

እኛ ጋ አንድ ሰው ለኮሚኒቲ ኮሚቴ ተወዳድሮ ሲሸነፍ ምን ይሆናል? በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ኮሚቴ ያቋቁማል። ያኛው «የእገሌ ብሔር ነው» ይባላል፣ ይኼኛው «ገንዘብ በልቷል» ይባላል፣ ማኅበሩ ለሁለት ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ዩኤንኤችሲአር ዘንድ ቀርቦ «ይህ የሁላችን ጥያቄ ነው» የሚል አንድ ደብዳቤ እንኳ ማስገባት ያቅተናል። የሚጎዳውም የተሸነፈው ሰውዬ አይደለም፤ ወረቀቷ አልቆባት ሰው ፊት መቆም የፈራችው እናት ናት።

ሶማሊያውያኑ ጋ ጠብ የለም አልልም። በ2014 በሴዳር ሪቨርሳይድ የተጠራው የፓርቲው የሰፈር ስብሰባ በድብድብ ነው የተበተነው። ልዩነቱ በማግስቱ መመለሳቸው ላይ ነው። የተሸነፈው ሰው ሰፈሩን አልለቀቀም፣ ማኅበሩንም አላፈረሰም። ስለዚህ ወንበሩ ክፍት በሆነ ቀን የሚታወቅና የሚታመን ሰው አልጠፋም።

«የግዛት ተመራጭ ለኛ ምን ይፈይዳል?» የምትሉኝ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 የስደተኞች ቅበላውን ካገዱ ወዲህ በረራ የተሰረዘባቸው ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን አሉ። ያንን በር መሐሙድ ኑር መክፈት አይችልም፤ የፌዴራል መንግሥቱ ሥራ ነውና። እከፍታለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለም ሌባ ነው።

ነገር ግን ዘመዶቻችን እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚኖሩት በግዛት ሕግ ነው። የልጁ ትምህርት ቤት በጀት፣ የአረጋዊቷ እናት እንክብካቤ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ ብዙው የሚወሰነው እዚያ ነው። ሚኒሶታ በ2023 የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰውም መንጃ ፈቃድ እንዲያገኝ ሕግ አውጥታለች። ያን ዓመት ገዢው ፓርቲ በሴኔቱ የነበረው ብልጫ 34 ለ33 ነበር። በአንድ ወንበር ማለት ነው! አንድ ሰፈር ተኝቶ ቢያድር ኖሮ ብልጫው አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ሚኒሶታ፣ ቨርጂኒያም ሆነ ኮሎራዶ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ የምትልኩልን ብር እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጎናችንን ደግፎታል። ግን ዜግነት ካገኛችሁ ተመዝገቡ፤ ለፕሬዚዳንት ብቻ ሳይሆን ማንም ለማያየው የግዛት ምክር ቤትና የትምህርት ቦርድም ምረጡ። የሰፈሩን ስብሰባ «የሶማሌ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሴዳር ሪቨርሳይድ ውስጥ የኛም ሰው ሞልቷል።

እዚህ ያለን ደግሞ ድምፅ የምንሰጥበት አገር ባይኖረን እንኳ የምንመርጠው ኮሚቴ አለን። በሚቀጥለው ምርጫ የተሸነፈ ሰው በማግስቱ መጥቶ ወንበር ሲደረድር ማየት እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ «ማኅበረሰብ አለን» ብለን አፋችንን ሞልተን እንናገራለን።

የማትስማሙ ካላችሁ ሐሳባችሁን ከታች ጻፉ፤ ስድቡን ግን ተዉት። የተስማማችሁም አሜሪካ ላለ አንድ ዘመድ አድርሱልኝ።

ቸር ወሬ ያሰማን።