የሚያስከፋ ቀልድ ሁሉ ወንጀል ነውን?

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለጠፍ ስሜት የሚጎዳ ቀልድ በሕግ ሊያስቀጣ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ከሕግ ባለሙያዎች መድረክ ወጥቶ የየቤቱ ጥያቄ ሆኗል። በልጁ አካል ጉዳት ሲሳለቁ የተመለከተ ወላጅ «ለዚህ ሕግ የለም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በመንግሥት አሠራር ላይ የቀለደ ወጣት ደግሞ «በቀልድ እታሰር ይሆን?» ብሎ ይሰጋል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ ሁለቱም ዜጎች መልሱን የሚጠብቁት ከአንድ የሕግ ሥርዓት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሥራ ላይ ያሉት ሕጎች ለሁለቱ ምን መልስ እንዳላቸው ማስረዳት፣ ክርክር ያለበትንም ነጥብ ማመላከት ነው።

በቅድሚያ ዋናውን ነጥብ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሕጉ አንድን ቀልድ የሚመዝነው ሰው በማስከፋቱ አይደለም። የሚጠይቀው ቀልዱ በማን ላይ እንደተነጣጠረ፣ በምን አሳብ እንደተሰራጨና ምን እንደሚያነሳሳ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ አብዛኛው የሚያስከፋ ቀልድ ወንጀል አይሆንም። ሳቅን ለብሶ የሚመጣ የጥላቻ ቅስቀሳም «ቀልድ ነው» በመባሉ ብቻ ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ቀልዱ ከቦታው ሲለይ

ቀልድ ለኅብረተሰባችን እንግዳ አይደለም። አዝማሪው በግብዣ መካከል ጌታውን በሰምና ወርቅ ይነካ ነበር። አለቃ ገብረ ሐና በቤተ መንግሥት አካባቢ ሳይቀር በቀልዳቸው ይታወቃሉ፤ ስማቸውም ከብዙዎቹ ሹማምንት ስም ይልቅ ዛሬም በሕዝብ አፍ ይነሳል። ቀልድ ኃያሉን ለመገሠጽ፣ ጠብን ለማብረድ፣ ባዕዱን ለማላመድ ሲያገለግል ኖሯል።

በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የላምበረት መናኸሪያ ለዚህ ማሳያ ሊሆን ይችላል። ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ መስመር የሚሄድ መንገደኛ፣ ረዳት፣ ሎተሪ አዟሪ፣ ከኮተቤም ሆነ ከእንጦጦ ግርጌ ሠፈሮች የመጣ ነጋዴ በአንድ ግቢ ይገናኛል። አንዱ በሌላው የትውልድ አገር ወይም በአነጋገሩ ቢቀልድ፣ የተቀለደበት ሰው ፊት ለፊት አለ፤ መልስ ይሰጣል፣ ይስቃል ወይም ይቆጣል። ቀልዱ የከፋ እንደሆነ በዙሪያው ያሉት ሰዎች «ተው» ይላሉ። ቀላጁም የፊት ገጽታ አይቶ ልኩን ያውቃል።

ይኸው ቃል ተቀድቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለቀቅ ግን ልጓሙ ይላላል። ተናጋሪውን የማያውቅ፣ ቦታውንና ድምፀቱን ያላየ፣ ምናልባትም በግጭት ሥጋት ውስጥ የሚኖር ሰው ይመለከተዋል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው የአበው ብሂል ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል። የሕግ ጥያቄ የሚነሳውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

መነሻው በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው አሳቡን የመግለጽ ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት በአሳቡ ይዘትና አሳቡ በሚያስከትለው ውጤት ምክንያት እንደማይገደብም በንዑስ አንቀጽ 6 ያስቀምጣል። ይኸው ንዑስ አንቀጽ የወጣቶችን ደኅንነት እንዲሁም የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሕጋዊ ገደብ ሊጣል እንደሚችል ይገልጻል፤ ሰብአዊ ክብርን ለመንካት ታስቦ በአደባባይ የሚደረግ መግለጫም በሕግ እንደሚከለከል ያክላል። ነጻነቱ መርሕ፣ ገደቡ ደግሞ ልዩ ሁኔታ መሆኑን ከአጻጻፉ መረዳት ይቻላል።

በዚህ መሠረት ከወጡት ሕጎች አንዱ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። አዋጁ የሚመለከተው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳተኝነትን መሠረት በማድረግ፣ በአንድ ሰው ወይም ተለይቶ በሚታወቅ ቡድን ላይ ሆን ተብሎ ጥላቻን፣ አድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ነው። ንግግር ሲባል የቃል ብቻ አይደለም፤ ጽሑፍ፣ ምስል፣ ድምፅና ቪዲዮም ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ ፎቶ ላይ የተጻፈ አጭር ቀልድም በአዋጁ ሊታይ ይችላል።

የጥላቻ ንግግር ያሰራጨ ሰው እስከ 2 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ100,000 ብር በማይበልጥ የገንዘብ መቀጮ ይቀጣል። በንግግሩ ምክንያት በሰው ወይም በቡድን ላይ ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይሆናል። ድርጊቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የተፈጸመ እንደሆነ እስራቱ እስከ 3 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ጥቃት ባልደረሰበት ጊዜ ግን ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛው በግዴታ የማኅበረሰብ አገልግሎት ይታረማል ብሎ ካመነ፣ በአማራጭ ይህንኑ ሊወስን ይችላል።

አዋጁ ከክልከላው ውጭ ያደረጋቸውን ነገሮች ማወቅም እኩል ያስፈልጋል። ንግግሩ የትምህርት ወይም የሳይንስ ምርምር፣ የዜና ዘገባ፣ የፖለቲካ ትችት፣ የኪነ ጥበብ ፈጠራ ወይም የሃይማኖት አስተምህሮ አካል ሲሆን የጥላቻ ንግግር ተብሎ አይወሰድም። በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ላይክ ማድረግ ወይም ታግ ማድረግም እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም። ሼር ማድረግ ግን ከዚህ ነጻ መውጫ ውስጥ አልተጠቀሰም።

አራት ምሳሌዎች

ልዩነቱን ለማሳየት በላምበረት የሚኖር አንድ ሰው ሊለጥፋቸው የሚችላቸውን አራት ቀልዶች በምሳሌነት እንውሰድ።

የመጀመሪያው በትራንስፖርት ሰልፍ፣ በአገልግሎት መጓተት ወይም በአንድ ሹም ውሳኔ ላይ የሚሳለቅ ነው። አዋጁ ከዘረዘራቸው አምስት መሠረቶች መካከል ሥልጣን አንዱ አይደለም። የሥራ ኃላፊም እንደማንኛውም ሰው በግል ክብሩና በመልካም ስሙ ላይ ጥበቃ አለው፤ ይሁንና በሥራው ላይ የተሰነዘረ ቀልድ ስላስከፋው ብቻ የጥላቻ ንግግር ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው የአንድን አካባቢ ሰዎች አነጋገር ወይም ልማድ የሚያስመስል ቀልድ ነው። ጨዋነት ይጎድለው ይሆናል፤ ተመልካችም ሊያዝን ይችላል። ጥላቻን፣ አድልዎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ እስካላነሳሳ ድረስ ግን ምላሹ ትችትና ተግሣጽ እንጂ እስር ቤት አይደለም።

ሦስተኛው በሠፈሩ የሚኖሩ የአንድ ብሔር ወይም ሃይማኖት ተከታዮችን ከተባይ ጋር እያመሳሰለ፣ ቤት እንዳይከራዩና ከአካባቢው እንዲወጡ የሚቀሰቅስ፣ በመጨረሻው የሳቅ ምልክት የተደረገበት ቪዲዮ ነው። የሳቁ ምልክት የመልእክቱን ባሕርይ አይለውጠውም። ይህ አዋጁ የከለከለው ተግባር ነው።

አራተኛው የአንዲትን ባለሱቅ ፎቶ ለጥፎ ሌባ ናት እያለ የሚያሾፍ ነው። ይህ ከአምስቱ መሠረቶች በአንዱም ላይ ያልተመሠረተ ስለሆነ በሌላ ሕግ ይታያል። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 መሠረት፣ የሌላን ሰው ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ቪዲዮ ያሰራጨ ሰው የግል አቤቱታ ሲቀርብበት እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ከ30,000 ብር በማይበልጥ መቀጮ ወይም በሁለቱም ሊቀጣ ይችላል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ሁለት ተቃራኒ ተሞክሮዎች ትምህርት ይሰጣሉ። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 ሥርጭት የጀመረው ሚል ኮሊን የተባለው ሬዲዮ ጣቢያ አድማጭን የሳበው በዘመናዊ ሙዚቃና በቀልድ ነበር። በሳቁ መካከል ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ይጠራ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋም መሣሪያ ሆነ። በአሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት የጣቢያውን ሁለት መሥራቾች ጥፋተኛ ያላቸው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ነው። ለተጎጂዎቹ ግን ሕጉ የደረሰው ከረፈደ በኋላ ነበር።

በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ወጣት በበረዶ ምክንያት በተዘጋ አውሮፕላን ማረፊያ ተበሳጭቶ፣ ካልተከፈተ እንደሚያፈነዳው በትዊተር በቀልድ ጻፈ። ተከሶ 385 ፓውንድ ተቀጣ፤ ሥራውንም አጣ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጽሑፉ ማንንም የሚያስፈራራ አልነበረም ብሎ ፍርዱን የሻረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ነው። በሩዋንዳ ሕግ ዘገየ፤ በእንግሊዝ ተቻኮለ። ሁለቱም ስሕተቶች ሰው ላይ ጉዳት አድርሰዋል።

ክርክሩ የት ላይ ነው?

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያለ ክርክር አልጸደቀም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲያጸድቀው 23 አባላት ተቃውመውታል። ቀደም ሲል በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጎበኙት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአሳብ ነጻነት ልዩ ራፖርተር ዴቪድ ኬይ፣ የረቂቁ ትርጓሜ ሰፊ በመሆኑ ተቺዎችን ለማሳደድ እንዳይውል ሥጋታቸውን ገልጸዋል። ሥጋቱ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ከዚህ የሚጠብቀው ዋናው ዋስትና ሕጉን ጠበብ አድርጎ መተርጎም ነው።

ለዚህ የሚረዳ መለኪያ አለ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት አስተባባሪነት እ.ኤ.አ. በ2012 የተዘጋጀው የራባት የድርጊት መርሐ ግብር፣ አንድ ንግግር በወንጀል ከመጠየቁ በፊት ስድስት ነገሮች አብረው እንዲመዘኑ ይመክራል። እነርሱም ንግግሩ የተነገረበት አውድ፣ የተናጋሪው ተሰሚነት፣ አሳቡ፣ የንግግሩ ይዘትና አቀራረብ፣ የሥርጭቱ ስፋት እና ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ናቸው። በግጭት ዋዜማ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው የሚለጥፈው ቃልና አንድ ተማሪ ለጓደኞቹ የሚልከው ቃል አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ሚዛኑ አንድ አይደለም።

ሌላው ክፍተት የፍትሐ ብሔሩ መንገድ ደካማ መሆኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሞራል ጉዳት የሚሰጠውን ካሳ በ1,000 ብር ገድቦታል። ይህ መጠን ዛሬ የተዋረደን ሰው አይክስም፤ አዋራጁንም አያስተምርም። በዚህ የተነሳ ተጎጂዎች በካሳና በይቅርታ ሊያልቅ የሚችለውን ጉዳይ ይዘው ወደ ወንጀል ክስ ይሄዳሉ። ቀልደኞችን ማሰር ሳያስፈልግ የተበደሉትን መካስ እንዲቻል ይህ ድንጋጌ መሻሻል ያለበት ነው።

ጉዳት የደረሰበት ሰው ምን ያድርግ?

አስቀድሞ ማስረጃ መያዝ ይገባል። የተለጠፈውን በስክሪንሾት ማስቀረት፣ የገጹን ስምና አድራሻ፣ ቀኑንና ሰዓቱን መመዝገብ ያስፈልጋል። ለማሳየት ሲባል እንደገና ሼር ማድረግ ጉዳቱን ያሰፋል፤ ሼር አድራጊውንም ሊያስጠይቅ ይችላል።

ቀጥሎ ለማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቱ ሪፖርት ማድረግ ነው። አዋጁ ድርጅቶቹ ስለ ጥላቻ ንግግር ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ከገጻቸው እንዲያነሱ ይጠብቅባቸዋል።

የግል ክብርን ወይም ስምን የሚነካ ከሆነ በአቅራቢያ በሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ የግል አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። አቤቱታው መቅረብ ያለበት ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም ፈጻሚውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወራት ውስጥ ስለሆነ ጊዜው እንዳያልፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በቡድን ላይ የሚፈጸም የጥላቻ ንግግር ግን የግል አቤቱታ አይጠብቅም፤ ማንኛውም ሰው ለፖሊስ ሊጠቁም ይችላል።

ጉዳዩ ከእነዚህ ከየትኛውም የማይመደብ፣ የሚያስከፋ ብቻ ከሆነ ዜጋው መፍትሔ አጥቷል ማለት አይደለም። መልስ መስጠት፣ ገጹን መዝጋት፣ በሽማግሌ ማነጋገር ሁሉም ክፍት ናቸው። ሕግ አስከባሪዎችም እንዲህ ያለው አቤቱታ ሲቀርብላቸው «ይህ ወንጀል አይደለም» ብለው በአክብሮት ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። ለዛቢስ ቀልድን ሁሉ ወደ ችሎት የሚወስድ ሥርዓት፣ እውነተኛው የጥላቻ ቅስቀሳ ሲመጣ ለይቶ የሚይዝበት ጊዜም ሆነ የሕዝብ አመኔታ አይኖረውም።