የተሸጠ ጠብመንጃ ክልል ሲሻገር፦ ሕጉ የሚጠይቃቸው ሦስት ፈቃዶች

ከወልድያ ተነሥቶ በሮቢትና በቆቦ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የራያን ቆላ ከትግራይ ጋር ያገናኛል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ አካባቢው ከአፋር ክልል ጋር ይዋሰናል። ከብትና እህል በየዕለቱ ክልል ተሻግሮ በሚገበያይበት በዚህ ሥፍራ፣ «የራሴን ጠብመንጃ ለአጎራባች ክልል ሰው ሸጬ ብልክ ምን ያግደኛል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አያስደንቅም። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሥራ ላይ ካሉት ሕጎች አንጻር ይመረምራል።

የክልል ወሰን ሕጉን አይለውጠውም

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ስለ ጦር መሣሪያ አያያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በዚሁ መሠረት የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በቆቦም ሆነ ከወሰኑ ባሻገር እኩል ተፈጻሚ ነው። ስለዚህ ወሰን መሻገር ሕገ ወጡን ሕጋዊ አያደርገውም፤ በአንድ አካባቢ መሣሪያ መያዝ የተለመደ መሆኑም በመንገድ ላይ ከለላ አይሆንም።

አዋጁ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥን፣ ማስተላለፍን፣ ማከማቸትንና ማጓጓዝን ይከለክላል። በመሆኑም በአንድ ሽያጭ ውስጥ ተለይተው የሚታዩ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ሻጩ ለማስተላለፍ ተፈቅዶለታልን? ገዢው ለመያዝ ፈቃድ አለውን? አጓጓዡስ መሣሪያውን ለማጓጓዝ ተፈቅዶለታልን? የአንዱ መሟላት የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም። የሻጩ የመያዣ ፈቃድ ለራሱ የተሰጠ እንጂ ከጠብመንጃው ጋር ለገዢው የሚተላለፍ አይደለም። መሣሪያው በጦርነቱ ወቅት የተገኘና ከመጀመሪያውም ፈቃድ ያልወጣለት ከሆነ ደግሞ ሽያጩ ሕጋዊ መሠረት አያስገኝለትም።

ሽማግሌ ፊት የተጻፈ ውል

በገጠሩ እማኝ ቆጥሮ፣ ሽማግሌ አስቀምጦ የሚደረግ ውል የተከበረ ነው። ይሁንና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1716 ሕገ ወጥ ግዴታ የያዘ ውል ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል። ገንዘቡን ቆጥሮ መሣሪያውን ያልተረከበ ገዢ «ውሌ ይፈጸምልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት ቢቀርብ፣ የያዘው ወረቀት መብት ሊያስገኝለት ቀርቶ በራሱ ላይ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

በወንጀል ረገድም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 481 ያለ ልዩ ፈቃድ ወይም ከሕግ ውጭ መሣሪያና ጥይት የሚያጓጉዝን፣ የሚቀበልን፣ የሚደብቅን ወይም ለሽያጭ የሚያቀርብን ሰው ይቀጣል። የጫነውን እያወቀ «አደራ ነው» ብሎ በጭነት ወይም በሕዝብ ማመላለሻ መኪና የሚወስድ አሽከርካሪም ከኃላፊነት አያመልጥም።

ቁጥጥሩ ለምን ጠበቀ?

ኢትዮጵያ የፈረመችው የ2004 (እ.ኤ.አ.) የናይሮቢ ፕሮቶኮል አባል አገሮች መሣሪያዎችን ምልክት እንዲያደርጉባቸውና እንዲመዘግቡ ያስገድዳል። ዓላማው አንድ መሣሪያ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ማወቅ ነው። የተመዘገበ ጠብመንጃ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መዝገቡ ግን የመጀመሪያውን ባለፈቃድ ስም እንደያዘ ይቀራል። ነገ በዚያ መሣሪያ ሰው ቢገደል መርማሪ አስቀድሞ የሚያንኳኳው የሻጩን በር ነው።

ይህ ጥንቃቄ በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ዜጎች በስፋት መሣሪያ በሚይዙባት አሜሪካ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ፈቃድ የሌለው ግለሰብ በሌላ ግዛት ለሚኖር መሰሉ በቀጥታ መሣሪያ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሽያጩ የፌዴራል ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት።

ተገልጋዮች ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

ጦርነትና ግጭት ባለፈባቸው አካባቢዎች ነዋሪው ራሱን፣ ከብቱንና ሰብሉን ለመጠበቅ መሣሪያ መፈለጉ የሚታወቅ ነው። ሆኖም ያልተመዘገበ ዝውውር ስጋቱን ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ከማሻገር አልፎ መፍትሔ አይሆንም። ስለሆነም፦

• ገንዘብ ከመቀባበል በፊት በአቅራቢያ ለሚገኝ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን አቅርቦ መመሪያ መጠየቅ፣
• በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ሳይኖር መሣሪያንም ሆነ ጥይትን ለመንገድ አለማንሣት፣ ለሌላ ሰውም አደራ አለመስጠት፣
• ከሟች የቀረ መሣሪያ ሲኖር በሟች ፈቃድ ከመገልገል ይልቅ ለፖሊስ ማሳወቅ፣
• ሻጭ ፈቃድ ስላሳየ ብቻ የገዢ ፈቃድ አያስፈልግም ብሎ አለመዘናጋት ይገባል።

ጥያቄው መቅረብ ያለበት መሣሪያው ከቤት ሳይወጣ ነው። ኬላ ላይ ከተደረሰ በኋላ የሚቀርበው ጥያቄ ሳይሆን ለምርመራ የሚሰጥ ቃል ነው።