አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ አፍ ለ14 ደቂቃ ለምን ይተሳሰራል?

የአይኤልትስ የንግግር ፈተና ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል። ተፈታኙ መጀመሪያ ስለ ራሱ፣ ስለ ሥራው፣ ስላደገበት አካባቢ ይጠየቃል። ቀጥሎ ርዕስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጠዋል፤ 1 ደቂቃ አስቦ እስከ 2 ደቂቃ ይናገራል። በመጨረሻ በዚያው ርዕስ ዙሪያ ከፈታኙ ጋር ሐሳብ ይለዋወጣል። ይኸው ነው።

ለዚህ ሲባል ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል፣ ከዓለም ከተማ የተነሳ ተመራቂ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አርፎ ለ«ስፒኪንግ» ኮርስ ይከፍላል። የሚሸጥለት ምንድን ነው? የተሸመደደ መልስ! ጓሳን እያየ ያደገ፣ ጭላዳ ዝንጀሮን ከጎረቤት ፍየል እኩል የሚያውቅ ልጅ «የምትወደውን የተፈጥሮ ቦታ ግለጽ» ሲባል ረግጦት ስለማያውቀው የባሕር ዳርቻ እንዲያወራ ይሠለጥናል። ፈታኙ ደግሞ ሽምደዳን እንዲለይ የሠለጠነ ሰው ነው። ጥያቄውን ትንሽ ዘወር ሲያደርገው ልጁ ባዶ እጁን ይቀራል። ውጤቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ የስኮላርሺፕ ዕድሉ ከዘገየ ያለፈውም ተመልሶ ይከፍላል።

ነጥብ የሚሰጠው በአራት ነገር ነው፤ በንግግር ፍሰት፣ በቃላት፣ በሰዋስውና በአነጋገር ጥራት። አራቱም እኩል ይመዝናሉ። እንደ ለንደን ሰው ማውራት ከአራቱ ውስጥ የለም። የሚፈለገው ሰሚው ሳይቸገር እንዲገባው ነው። የአማርኛ ቅላጼ ያለውን እንግሊዝኛ ሰምቶ የሚስቅ የከተማ ሰው ይህን ቢያውቅ ደግ ነበር።

ግን ጥፋቱን ሁሉ በአሠልጣኞች ላይ መጫን ቀላሉ መንገድ ነው። አገሪቱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ታስተምራለች። የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ግን ምርጫ ማጥቆር ነው። ተማሪው አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፉ ሳይወጣ ያልፋል፣ ወይም ይወድቃል። በመጽሐፉ ውስጥ የንግግር መልመጃ አለ፤ ፈተና ላይ ስለማይመጣ ይዘለላል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ሲመጣማ፣ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው መምህር ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልስ ነበር። ተማሪው ዝም ብሎ ማየትን ተማረ።

በ2014 ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሲሆኑ «ተማሪው ሰነፈ» ተባለ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነቱ ትምህርት ቤት ሲያዘጋ፣ ኢንተርኔትም ለወራት ሲቋረጥ፣ እንግሊዝኛ የሚሰማበት ብቸኛ ነገር ስልኩ የነበረው ልጅ እሷንም አጣ። ይህም ስንፍና ይባል ይሆን?

የደገኛ አፍ አይፈታም የሚሉም አሉ። በእውነቱ ይህ ያስቃል። በላ ልበልሃ እያለ፣ ወረቀት ሳይዝ፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ ስለ ርስቱ የተሟገተ ሰው የልጅ ልጅ ነው ለ2 ደቂቃ ንግግር ቸገረው የሚባለው! ነገር ማዋቀሩን፣ ምሳሌ ማምጣቱን ከቤቱ ይዞት መጥቷል። የጎደለው በእንግሊዝኛ አፉን የከፈተበት ሰዓት ነው።

ያ ሰዓት ደግሞ ሩቅ አይደለም። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢሰጥ 180 ደቂቃ ነው፤ አምስት ክፍለ ጊዜ አይሞላም። በየመንፈቁ አንዴ ይህን አድርጎ ማርክ መያዝ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። «መምህሩ ራሱ መች ይናገራል?» ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙው አይናገርም፤ እሱም የዚያው የማጥቆር ፈተና ልጅ ነው። እንግዲያው ንግግሩ ከመምህራን ኮሌጅ መግቢያ ይጀመር። እስከዚያው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክረምት ላይ ወደየወረዳቸው ሲመለሱ፣ የ11ኛ ክፍል ልጆችን ሰብስበው ስለ ጓሳ ሣር፣ ስለ ባና ሥራ፣ ስለ ገብስ በእንግሊዝኛ ቢያስወሯቸው ማን ይከለክላቸዋል?