ችካል በጅምላ አይነቀልም

በየቢሮው ስክሪን ላይ ያጎነበሳችሁ የካርታ ሙያ ባልንጀሮቼ፣ አባቶቻችን እንደ ድንበር ገፊ የሚጠሉት ሰው አልነበረም። እሱ እንኳ ጨለማ ጠብቆ፣ ውሻ እየጮኸበት፣ ላብ እያጠመቀው ነው ችካል የሚነቅለው። እኛ በጠራራ ፀሐይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ «ሁሉንም አስተካክል» የሚለውን ቁልፍ ተጭነን የአንድ መንደር ችካል እንነቅላለን። ይህን የምናገረው አድርጌው ስለማውቅ ነው።

እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጀሞ ነው የሆነው። ቅየሳውን ትቼ ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጥኩ በኋላ የአንድ ሰፈር የይዞታ ካርታ እንዳጠራ ተሰጠኝ። ቶፖሎጂው ሲፈተሽ ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ፤ እዚህ ሁለት ፖሊጎን ተደራርቧል፣ እዚያ በሁለት ይዞታ መሐል ክፍተት አለ። ርክክቡ በማግስቱ ነው። ቶለራንሱን 50 ሴንቲ ሜትር አድርጌ እርማቱን በጅምላ ለቀቅኩት። ቀዩ ጠፋ። ተመሰገንኩም።

ከወራት በኋላ አንዲት እናት ካርታቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። «ልጄ፣ አጥሬ ካለበት አልተነቃነቀም፤ መሬቴን ማን ቆረሰው?» አሉኝ። 20 ሜትር የሚረዝመው ወሰናቸው ግማሽ ሜትር ያህል ተስቧል፤ 10 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ጀሞ ላይ 10 ካሬ ሜትር የሚከራይ አንድ ክፍል ነው፣ የአንዲት አሮጊት ቀለብ። ዋናውን ፋይል የታረመውን ደርቤበት አጥፍቼዋለሁ፤ ምን ልመልስላቸው?

ቶለራንስ ሲሰፋ በዚያ ርቀት ውስጥ ያሉ የማዕዘን ነጥቦች ይጣበቃሉ፤ አንዱ ሲጎተት የጎረቤቱን፣ የጎረቤቱም የሚቀጥለውን ይዞ ይሄዳል። ክፍተት ሙላ ሲባል ደግሞ ሶፍትዌሩ ብዙ ጊዜ ረዘም ያለ ወሰን ለሚጋራው ይዞታ ይመርቅለታል። ያ ክፍተት ኮንዶሚኒየምን ከግል ግቢ የሚለይ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መተላለፊያ ቢሆንስ?

በጅምላ የሚታረም ስህተት የለም አልልም። ከአዲንዳን የመጋጠሚያ ሥርዓት ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ሳይቀየር የገባ ፋይል በሙሉ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ ሰበቡ አንድ ነውና መድኃኒቱም አንድ ነው። ሁለቴ የተጫነ ነጥብና ሚሊ ሜትር የማትሞላ ስንጥቅም አብረው ይጽዱ። መደራረብ ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ ከኦርቶፎቶ የሳለው ልጅ እጅ መንሸራተት ነው፣ ሌላው ከአሮጌ ካርታ የተወረሰ፣ ሌላው ሁለት ጎረቤቶች ከልባቸው የሚካሰሱበት መሬት። ስክሪኑ ላይ ሦስቱም ያው ቀይ ናቸው። ሦስተኛውን ስናጠፋ ባለጉዳይ ሳንሰማ ፈርደናል።

የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ ወዲህ የምንስለው መስመር መዝገብ ይገባል፤ ባንክ ያበድርበታል፣ ዳኛ ይፈርድበታል።

እለምናችኋለሁ፣ ዋናውን ፋይል ሳትገለብጡ አትንኩ። የእያንዳንዱን ይዞታ ስፋት ከእርማቱ በፊትና በኋላ አስተያዩ፤ ለቅየሳው ከተፈቀደው ያለፈ ልዩነት ካያችሁ ሜትር ይዛችሁ ውጡ፣ ሁለቱንም ጎረቤት አቁሙና ለኩ። አለቃችሁ «ዜሮ ስህተት» የሚል ሪፖርት ከፈለገም «ገና የሚጣራ አለ» ብላችሁ ፈርሙ። የዚያች እናት 10 ካሬ ሜትር እስከ ዛሬ በጎረቤታቸው ካርታ ላይ ነው ያለው።