ሩዝና ጨፌ፦ ዘሩ ከመምጣቱ በፊት ወሰኑ ይለይ

ሩዝ ለመሞከር የሚያስቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ዘር ነው። ዘሩ ከየት ይገኛል፣ በሄክታርስ ስንት ኩንታል ይሰጣል ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሩዙ የሚዘራው በየትኛው መሬት ላይ ነው የሚለው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «በጨፌው ላይ» የሚል ነው። ሩዝ ውሃ ይወዳል፣ ጨፌው ውሃ አለው፣ መሬቱም ያለ ሥራ ተቀምጧል ይባላል። በዚህ በመጨረሻው ሐሳብ አንስማማም። ጨፌ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በክረምት ከተዳፋቱ የሚወርደውን ጎርፍ ይይዛል፤ በበጋ ምንጩን ያቆያል። ቄጠማውና የቤት ክዳን ሣሩ የሚታጨደው ከዚያ ነው። ከሁሉም በላይ በየካቲትና በመጋቢት ኮረብታው ሲደርቅ በሬው ተሰማርቶ የሚውለው በጨፌው ላይ ነው። ጨፌው ታርሶ በሬው ከከሳ፣ የጤፉ ማሳ በሰኔ በምን ይታረሳል? የሩዙን ኩንታል የሚያሰላ ሰው ይህንንም ኪሣራ አብሮ ሊያሰላ ይገባዋል።

ነገሩ በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በጣና ዳር ያለው የፎገራ ሜዳ ምስክር ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እርዳታ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ያ ሜዳ ቀድሞ በወራቱ ሌላ ሰብል እምብዛም አይቀበልም ነበር። ሩዝ ከገባ ወዲህ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ተሻሽሏል። በአካባቢው እንጀራ ከሩዝና ከጤፍ ተቀላቅሎ ይጋገራል፤ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆናለች፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው በዚያው በፎገራ ነው። ይህን ማንም አይክድም፤ እኛም አንክድም። ነገር ግን ያው ሜዳ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ግጦሽ ነበር። ግጦሹ እየጠበበ ሲሄድ ከብቱም ቀነሰ፣ ዝርያውም ከሌላ ጋር ተደባለቀ። የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ደግሞ ውሃቸው በቦይና በፓምፕ እየተሳበ፣ ዳርቻቸውም እየታረሰ በጣም ተመናምነዋል። ለዚህ ተጠያቂው ሩዝ ብቻ አይደለም፤ ውሃው ሲሸሽ ተከትሎ የሚዘራው ሽንኩርትና ሌላው የበጋ እርሻ ትልቅ ድርሻ አለው። ሆኖም እርሻው የሚቆምበት ወሰን አስቀድሞ አልተበጀለትም።

ወደ ምዕራብ ሸዋ ስንመለስ ሌላም ችግር እናገኛለን፤ እርሱም ብርድ ነው። ፎገራ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። አምቦ ግን ወደ 2,100፣ ጊንጪም ወደ 2,200 ሜትር ይጠጋሉ። ሩዝ ዛላው ከግንዱ ከመውጣቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ሌሊቱ ከቀዘቀዘበት፣ ቅጠሉ ለምለም ሆኖ ዛላው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ በደጋው ጨፌ ላይ ሩዝ የሚዘራ ማኅበር ጨፌውንም ምርቱንም ሊያጣ ይችላል። ይልቅስ ተስፋ ያለው ወደ ባኮ የሚያወርደው ሞቅ ያለ ምድር ነው፤ ባኮ 1,650 ሜትር ያህል ነው። ከኦሮሚያ ሳንወጣ በቡኖ በደሌ ዞን በጨዋቃ ወረዳም፣ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ከሐረርጌ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ሩዝን ለምደውታል።

በጊንጪ ዙሪያ ውሃ ለሚተኛበት ዋልካ መሬት ግን መፍትሔው ሩዝ ሳይሆን ማጠንፈፍ ነው ብለን እናምናለን። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ እየተጎተተ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ተሠርቶ፣ ጊንጪ ከሙከራ ቦታዎቹ አንዷ ነበረች። መሣሪያው ጥሩ ነው። ችግሩ የአንዱ ማሳ ሲጠነፈፍ ውሃው ወደ ጎረቤቱ ማሳ መውረዱ ነው። በመሆኑም የጋራ መውረጃ ቦይ ማውጣት የአንድ ገበሬ ሳይሆን የማኅበሩ ሥራ ነው።

በሞቃታማ አገሮች ረግረግ ስለሚመረት ሩዝ በሚጻፉ የዶክትሬት ጥናቶች ውስጥ አንድ ምክር በብዛት ይገኛል፤ ማሳውን እያፈራረቁ ማርጠብና ማድረቅ ነው። የተበሳሳ ቱቦ በማሳው ውስጥ ይቀበራል፤ ውሃው ከአፈሩ ወለል 15 ሣ.ሜ. ሲወርድ እንደገና 5 ሣ.ሜ. ያህል ይጠጣል። አበባ በሚይዝበት ጊዜ ግን ማሳው አይደርቅም። ዘዴው እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ውሃ ያተርፋል፤ ሁልጊዜ በውሃ ከተሸፈነ ማሳ የሚወጣውን ሜቴን የተባለ ጋዝም በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ዘዴው የሚሠራው ውሃን መክፈትና መዝጋት በሚቻልበት ማሳ ነው። በዝናብ ብቻ በሚለማ ማሳ አንዴ የደረቀውን ማን መልሶ ይሞላዋል? የልማት ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ምክር ሲያነቡ ውሃው ከየት እንደመጣ ይመልከቱ። የመስኖ ቦይ ለሌለው ገበሬ ማሳን ማስተካከልና ዙሪያውን ዝቅ ባለ የአፈር ክትር ማጠር ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ወሰኑን ለመለየት መሬቱን ሁለት ጊዜ ማየት ይበቃል። በነሐሴ ውሃ ተኝቶበት በኅዳር የሚደርቀው የታረሰ ማሳ፣ ብርዱ ከፈቀደ፣ ለሩዝ ይሞከር። ከአጨዳውም በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ሊዘራበት ይችላል። (ጓያ ግን ባይለመድ እንመርጣለን፤ አዘውትሮ ሲበላ እግር ማሽመድመዱ የታወቀ ነው።) በመጋቢት ሲረገጥ እግር የሚሰምጥበት መሬት ግን ጨፌ ነው፤ ማረሻ አይንካው። ልዩነቱን አሳምረው የሚያውቁት እረኞችና ሽማግሌዎች ስለሆኑ፣ የልማት ሠራተኛው ከእነርሱ ጋር ዞሮ የወሰን ድንጋይ ያስተክል፤ ማኅበሩም በቃለ ጉባኤ ይመዝግበው። የመጀመሪያውም ሙከራ ከጥቂት ገበሬዎች ማሳ አይለፍ። መፈልፈያውንም ማኅበሩ ከወዲሁ ያስብበት፤ የጤፍ ወፍጮ ሩዝ አይፈለፍልም።